የተሰበሩ ብረቶች መደርደሪያ

በመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ ከታሪክ መጻሕፍቱ ጎን፣ አናቱ የጠቆረና ጎኑ የተፋቀ ፒስተን ተቀምጧል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነሣውና ‹‹ይህ ደግሞ ምንድን ነው?›› ይለኛል። ከዓመታት በፊት በርካሽ ከገዛኋት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ሆድ የወጣ ነው። ሞተሯ ተጣብቆ አልዞር ብሎ ነበር። በኪሴ የነበረው ገንዘብ ለአዲስ ሞተር ቀርቶ ለግማሹም አይበቃም ነበርና አንድ አዛውንት መካኒክ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስደው አስፉልኝ፤ ከሌላ ዓይነት ሞተር የተገኘ ፒስተን ከታች ቆረጥ አድርገው አስገቡልኝ። ፋሻውንም ለወጡ። (ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚከቡትን ቀለበቶች ነው። ቃሉ፣ እንደ ካንዴላና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ፣ ከጣልያኖች የቀረን ነው። ጣልያን ከሄደ በኋላም ቋንቋው በጋራዦቻችን ውስጥ ቀርቷል።) ሥራው ሲያልቅ አዛውንቱ አሮጌውን ፒስተን እያሳዩ ‹‹ልጄ፣ ይህንን ምናለሽ ተራ ወስደህ ሽጠው፤ ለሻይ ይሆንሃል›› አሉኝ። አልሸጥሁትም። ለምን እንዳልሸጥሁት ግን ለራሴም አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ የበርት መንሮን ታሪክ ሳነብ ነው።

መንሮ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኢንቨርካርጊል ከተማ በ1899 የተወለደ ሰው ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1920 ኢንዲያን ስካውት የተባለች አሜሪካ ሠራሽ ሞተር ብስክሌት አዲስ ገዛ። የስካውትን ንድፍ ያወጣው ቻርልስ ፍራንክሊን የተባለ አየርላንዳዊ መሐንዲስ ነበር። ሁለት ሲሊንደር፣ 600 ሲሲ ገደማ የሆነች፣ በዘመኗ ሚዛን ጠንካራና ታማኝ መጓጓዣ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንሮ በ1926 ሞተሯን ፈትቶ ማሻሻል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት አላቆመም።

ይህን ሰው ዓለም የሚያውቀው በፍጥነቱ ነው። እኔን ግን የሚስበኝ ብረቱን ከየት ከየት እንዳገኘው ነው። ሀብታም አልነበረም፤ ሞተር ብስክሌት እየሸጠና እየጠገነ ይኖር ነበር። የሚፈልገው ዕቃ በገበያ ቢኖር እንኳ የመግዛት አቅም አልነበረውም። ኋላ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የሚገዛ ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያው የኢንዲያን ኩባንያ በ1953 ሞተር ብስክሌት መሥራቱን አቆመ። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን ከብረት የጋዝ ቧንቧ ቀርጾ ሠራ። ፒስተኖቹን አሉሚኒየም እያቀለጠ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ሳይቀር፣ ራሱ አፈሰሰ። ፒስተኑን ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚያገናኙትን ክንዶች ከትራክተር አክሰል ብረት ቆርጦ በእጅ ሞረድ እየሞረደ አወጣ። መለኪያ መሣሪያ በሚያስፈልግበት ቦታም የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይጠቀም እንደነበር ይነገርለታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ ክብደት የሚገባን የሞተሩን ጠባይ ስናውቅ ነውና። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከሲሊንደሩ ብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት በጣም ካነሰ፣ ሞተሩ በጋለ ጊዜ ፒስተኑ ግድግዳውን ነክሶ ይይዛል። የእኔም ያገኘው ዕጣ ይኸው ነው። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ ጉልበቱ በጎን ያመልጣል፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ ይጨሳል። ትክክለኛውን ልክ ፋብሪካ በቤተ ሙከራ ያገኘዋል። ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው የሚያገኘው አንዱን በማቃጠል ነው። ክንዱም እንዲሁ ነው። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን በክንዱ ላይ የሚያርፈው መጎተትና መገፋት አራት እጥፍ ይሆናል። መንሮ ሲሊንደሩን አስፍቶ፣ ቫልቮቹን ከጎን አንሥቶ ወደ አናት ባወጣ ጊዜ ሞተሯ ጉልበት አገኘች፤ የተገኘው ጉልበት ግን በፊት የበቃውን ክንድ አላስቻለውም። ክንዱ ሲጠነክር ድካሙ ወደ ሌላው ክፍል ይሄዳል። አሮጌ ቤት ያደሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ አንዱን ግድግዳ ሲያቀኑት ጣሪያው ያዘነብላል።

ስለዚህ ይሰብር ነበር። እጅግ ብዙ ሰበረ። የተሰበረውን ግን አልጣለም። በጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ አበጅቶ፣ የቀለጡትን ፒስተኖችና የተጠማዘዙትን ክንዶች ደርድሮ፣ ከበላዩ ‹‹ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች›› ብሎ ጻፈ። ቀልድ ነው፤ ቀልዱ ግን የተከፈለበት ነው። ታሪክ ለማጥናት እንደሞከረ ሰው ያንን መደርደሪያ የማየው እንደ ቤተ መዛግብት ነው። መንሮ የተማረ መሐንዲስ አልነበረም፤ ያሰበውን የሚያውቅ ሰው ሰነዱን የሚያገኘው እነዚያ ብረቶች ላይ ነው። ቀዳዳ ያለው አናት ነዳጁ እንዳነሰ ይናገራል፤ የተፋቀ ጎን ክፍተቱ እንደጠበበ ይናገራል። ስኬቱማ ተሰብስቦ በሞተሯ ውስጥ ስለተዘጋ አይታይም።

‹‹ችግር ብልሃትን ይወልዳል›› ሲባል እንሰማለን። እኔ በዚህ ነገር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ችግር ብቻውን ብዙ ጊዜ የሚወልደው ሌላ ችግር ነው። መንሮ የነበረው ሀብት ጊዜ ነበር፤ ገንዘብ ያጣበትን ሁሉ በጊዜ ከፈለ። ራሱ እንደተናገረው አሥር ዓመት ያህል በቀን 16 ሰዓት ሠርቷል። ያ ጊዜ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት። ትዳሩ በ1940ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ፤ እርሱም መደበኛ ሥራውን ትቶ በዚያው በጋራዡ ውስጥ መኖር ጀመረ። በ2005 አንቶኒ ሆፕኪንስ በተወነበት ፊልም የምናየው ደስ የሚል፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ነው፤ ፊልሙን እወደዋለሁ። ሆኖም ‹‹በትንሽ ወጪ›› የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ወጪውን ማን እንደሸፈነው መጠየቅ ይገባል። መደርደሪያው ላይ ያልተቀመጡ መሥዋዕቶችም ነበሩ።

መንሮ ሞተሯን ይዞ በዩታ ግዛት ወደሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ መሄድ የጀመረው ሌሎች ጡረታ በሚወጡበት ዕድሜ ነው። በ1962፣ በ63 ዓመቱ፣ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጦ በመደቡ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1967 ሞተሯ ወደ 950 ሲሲ አድጋ ነበር። በዚያ ዓመት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በተለካ ሩጫ 305 ኪሎ ሜትር አልፏል። ክብረ ወሰን የሚመዘገበው ግን በሄደትና በመመለስ የተገኘው ፍጥነት በአማካይ ተሰልቶ ነውና በስሙ የተጻፈው 183.586 ማይል፣ ማለትም 295 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ገደማ ነበር። ሰውየው 68 ዓመቱ፣ ሞተሯ 47 ዓመቷ ነበር።

ያቺ ሞተር የትኛዋ ናት? ከ1920ዋ ስካውት ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ፣ ክንዱ፣ ቫልቩ ሁሉ ተለውጧል። ያቺው ናት የሚያሰኛት በውስጧ ያለፈው የእጅ ሥራ ተከታታይነት ይመስለኛል። የእኔዋን ሞተር የጠገኑት አዛውንት ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አላስጨነቃቸውም፤ ‹‹ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው አይደል?›› ብለው ዘጉት።

መንሮ በጥር 1978 ሞተ። ዛሬ በኢንቨርካርጊል አንድ የብረታ ብረት መደብር ውስጥ፣ ምስማርና መዶሻ ለመግዛት የመጣ ሰው፣ የመንሮን ሥራዎች ቆሞ ይመለከታል። በ2014 ደግሞ ልጁ የ1967ቱን መዝገብ ሲመለከት የሁለቱ ሩጫዎች አማካይ በትክክል እንዳልተሰላ አስተዋለ። የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ማኅበር ሒሳቡን እንደገና ሠርቶ ስህተቱን አረመ። አባቱ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ ክብረ ወሰኑ 184.087 ማይል ሆኖ ተመዘገበ። ልዩነቱ ግማሽ ማይል ነው፤ ስንት ፒስተን እንደሆነ የሚያውቀው መደርደሪያው ነው።