ሕይወት ያለው ቀለም

የሰውን አካል እንደ ጽሑፍ ለማተም የተደረገው ጥረት ታሪኩ የሚጀምረው ከጽሕፈት ቤት ዕቃ ነው። በቴክሳስ ግዛት የሳን አንቶኒዮው ተመራማሪ ሮበርት ክሌቤ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ በሂውሌት ፓካርድ ቀለም ረጪ ማተሚያ ውስጥ በቀለም ፈንታ ፋይብሮኔክቲን የተባለውን ፕሮቲን ጨመሩ። ሕዋሳትም ፕሮቲኑ ባረፈበት መሥመር ላይ ተጣብቀው ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ቦላንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሰል መሣሪያ ሕያዋን ሕዋሳትን ራሳቸውን ማተም እንደሚቻል አሳዩ።

ከዚያ ወዲህ አስቸጋሪ ሆኖ የተገኘው ቅርጹን ማውጣት ሳይሆን የታተመውን መመገብ ነው። ቆዳ የሚተክል ሐኪም ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በስሱ የተገፈፈ ቆዳ የደም ሥር እስኪያገኝ ድረስ ከቁስሉ በሚሰርገው ፈሳሽ ይኖራል፣ ወፍራሙ ግን የመያዝ ዕድሉ ያንሳል። ከደም ሥር ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር በላይ የራቀ ሕዋስ ኦክስጅን ያጣል። ስለዚህ በዌክ ፎረስት የአንቶኒ አታላ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ሥራ፣ በሚያትመው አካል ውስጥ ምግብ የሚያልፍባቸው ረቂቅ ቦዮችን ተወ። በሰው ጆሮ መጠን የታተመው ካርቲሌጅም በአይጥ ቆዳ ሥር ተተክሎ ሕያው ሆኖ ቆየ። ጆሮ የተመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውምና። እ.ኤ.አ. በ2022 ከራሷ ሕዋሳት የታተመ ጆሮ ለአንዲት ወጣት መተከሉ ሲነገር፣ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሐኪም የሚሠሩት በዚያችው በሳን አንቶኒዮ ነበር።

ባክቴሪያ ግን የደም ሥር አይሻም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዙሪክ የአንድሬ ስቱዳርት ቡድን ባክቴሪያን ሃያሉሮኒክ አሲድ ካለበት ጄል ጋር ለውሶ በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ አተመ። ሱዶሞናስ ፑቲዳ ፌኖል የተባለውን መርዝ አፈራረሰ፤ አሴቶባክተር ዛይሊነም ደግሞ ለቁስል መሸፈኛ የሚሆነውን ሴሉሎስ በታተመበት ቅርጽ ልክ አመነጨ። ተራ ቀለም ሲደርቅ ሥራው ያበቃል፤ የዚህኛው ሥራ የሚጀምረው ከኅትመቱ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በዘረመል ምህንድስና የተለወጡ ባክቴሪያዎችን በሚለጠጥ ስስ ሽፋን ላይ እንደ ንቅሳት አተሙ። ሽፋኑ የተወሰኑ ኬሚካሎች በተቀቡበት ቆዳ ላይ ሲለጠፍ በሰዓታት ውስጥ አበራ። አንድ ቀን የቁስልን መመረዝ አስቀድሞ የሚጠቁም ፋሻ ከዚህ ሊወጣ ይችል ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጄሉ ሲቀደድ የሚሆነው ነው። ቃጠሎ የገፈፈው ገላ የተለወጠ ባክቴሪያ ቢያመልጥ የሚመክትበት ግንብ የለውም፤ ንቅሳቱ የተሞከረውም ባልቆሰለ የእጅ ቆዳ ላይ ነው።