ደረሰኝ ያዙ፦ ከጎንደር ቀበሌ እስከ ጁባ ከተማ ምክር ቤት

እንደተለመደው ረዘም ስለሚል ሻይ ቀድታችሁ አንብቡት። አክስቴ «የስልኩ ፊደል ያንስብኛል» ብላለችና ልጆቿ አንብቡላት።

ባለፈው እሁድ በማኅበራችን ስብሰባ የተነሣው ክርክር ሳያልቅ ነው የተበተንነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። የሰፈሩ ምክር ቤት ስለ ገበያና ስለ ቆሻሻ ክፍያ ለመነጋገር ነዋሪና ነጋዴ ሲጠራ፣ እኛ ሰው እንላክ ወይስ አንላክ? ግማሹ ሰው «ስደተኛ በሰው ሀገር ቀበሌ ምን ይሠራል? አንገት ደፍቶ መኖር ነው እንጂ» አለ። አንድ የማከብረው ታላቅ ወንድማችን ደግሞ «ቀበሌ ምን እንዳደረገን ረሳችሁት?» ብሎ ተቆጣ። አልረሳነውም፣ ጋሼ። መልሱን ግን በሁለት ደቂቃ መስጠት ስላልቻልኩ «ልጻፈው» አልኩ። ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ከታሪክ እጀምራለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም።

መጀመሪያ ግን ይሄን ጉዳይ ለምን የሞት ሽረት እንደማደርገው ልንገራችሁ። ዓምና አንድ ወንድማችን ሞተ። ስሙን አልጽፍም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በርበሬ፣ ሽሮና ሽንኩርት ሲሸጥ ኖረ። በየወሩ ለቦታው ይከፍል ነበር፤ እኔ ራሴ ቆሜ ሲከፍል አይቻለሁ። ወረቀት ግን አልነበረም። ከአርባው በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ «ቦታው የእኔ ነው» ሲል፣ ባለቤቱ ያሳየችው የባሏን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሱቁ ሄደ። ገንዘቡን ሲቀበል የኖረው ሰው ከቢሮ የተላከ ይሁን ተራ ደላላ እስከ ዛሬ አናውቅም። የሚያሳፍረኝም ይሄ ነው። ስድስት ዓመት ስንከፍል «አንተ ማነህ? ማነው የላከህ?» ብለን አልጠየቅንም።

አሁን ወደ ታሪኩ። (የጁባን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሀገራችንን በእኛው ዓ.ም. ነው የምጽፈው፤ እንዳትደባልቁት።)

ብዙዎቻችን ጁባን ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ የበቀለች ከተማ አድርገን ነው የምናያት። ከዚያ በፊትም አስተዳዳሪ ሳይኖራት አልቀረችም። በ19ኛው መቶ ዘመን የዚህ አካባቢ ስም የጠራው ከዓባይ ማዶ በምሥራቅ ዳር ባለው በጎንዶኮሮ ነበር፤ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴ የሚሰፍርበት ጣቢያ። ሳሙኤል ቤከር በ1871 ለግብፁ ገዥ ለኢስማኤል ክብር «ኢስማኢሊያ» ብሎት ነበር፤ ስሙ አልጸናም። ጁባ ግን በምዕራቡ ዳር ያለች የባሪዎች መንደር ነበረች። በ1920ዎቹ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ከፈቱባት። ቀጥሎ እንግሊዞች የሞንጋላን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ወደዚህ ለማዛወር ሲወስኑ ባሪዎቹን ከመንደራቸው አስነሡ። በ1929 የረጃፍ ነጋዴዎች ወደዚህ ተዛወሩ፤ በ1930 የገዥው ቢሮ ተከተለ።

እንግዲህ ከተማዋ የተጀመረችው የመሬቱን ባለቤት አስነሥቶ ነው። ይሄን የምለው አንድ የባሪ ሽማግሌ ስለ መሬት ሲናገር ድምፁ ለምን ከፍ እንደሚል እንድንረዳ ነው። በ2011 መንግሥት ዋና ከተማውን ወደ ራምሲየል ለማዛወር ሲወስን እንኳ ከበስተኋላው የነበረው ይሄው የጁባ መሬት ክርክር ነው። «ቦታዬ ነው» ከማለታችን በፊት ይህ ክርክር ከእኛ መምጣት ብዙ የሚቀድም መሆኑን ማወቅ አለብን።

የሰው ሀገር ሰው ሆኖ እዚህ ሱቅ የከፈተውም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ለእንግሊዝ ጦር ስንቅ የሚያቀርቡ ግሪኮች መጥተው ነበር። በጣም በበዙበት ዘመን እንኳ ከ2 ሺህ አልዘለሉም ይባላል፤ የጁባን የገበያ ማዕከል ብዙ ሕንፃ ግን የሠሩት እነሱ ናቸው። የኖሩበት ሰፈር ዛሬ ሃይ ጀላባ የምንለው ነው። ተማሪዎቼን አንድ ቀን ወደዚያ ወስጄ አሮጌዎቹን ግድግዳዎች አሳይቻቸዋለሁ። አንዱ ልጅ «አሁን የት ሄዱ?» አለኝ። «በጦርነቱ ሄዱ፣ ጥቂት ቤተሰብ ቀረ» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አሁን ስለ ምክር ቤት። እንግሊዞች ከሱዳን ሊወጡ ሲቃረቡ፣ ስለ አካባቢ አስተዳደር አጥንቶ እንዲጽፍላቸው ማርሻል የሚባል ሰው አስመጡ። ሥራው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የኮቨንትሪ ከተማ ገንዘብ ያዥ ነበር። ጄኔራል ወይም ፖለቲከኛ ሳይሆን ሒሳብ ያዥ! ጥናቱን በ1949 አቀረበ፤ በ1951 የአካባቢ መስተዳድር ሕግ ወጣ። ሐሳቡ ምክር ቤት የራሱ በጀትና የራሱ ገቢ ይኑረው የሚል ነበር። ከዚያ በ1971 ኒሜሪ ሌላ «ሕዝባዊ» የሚባል ሕግ አወጣና ሁሉን ወደ ማዕከል ጎተተው። በ1972 አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈርሞ ጁባ የደቡብ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆነች። በ1983 ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ ደግሞ የጦር ሰፈር ከተማ ሆና 20 ዓመት በላይ ተከበበች። በከበባ ውስጥ ቆሻሻ ማን ያነሣል? ግብር ማን ይጽፋል?

ሰላም ሲመጣ ሰው ጎረፈ። በ2008ቱ ቆጠራ የጁባ ካውንቲ ሕዝብ ከ360 ሺህ በላይ ሆኖ ተመዘገበ፤ የደቡቡ መንግሥት ያንን ቆጠራ ራሱ አልተቀበለውም፣ አንሷል ብሎ። በ2009 የአካባቢ መስተዳድር ሕግ ወጣ። ገጠሩን ካውንቲ፣ ፓያም፣ ቦማ ብሎ ከፈለው፤ ከተማውን ደግሞ የከተማ ምክር ቤት፣ ከሥሩ ብሎክ፣ ከብሎክ ሥር የሰፈር ምክር ቤት አደረገው። በመጋቢት 2011 የጁባ፣ የካቶርና የሙኑኪ ፓያሞች ተጠቃለው የጁባ ከተማ ምክር ቤት ተቋቋመ። የማዕከላዊ ኢኳቶሪያ ገዥ ክሌመንት ዋኒ ኮንጋ፣ ሞሐመድ ኤል ሐጅ ባባላን የመጀመሪያው ከንቲባ አድርገው ሾሙ። «ሾሙ» ማለቴን ልብ በሉ። ሕጉ ስለ ምርጫ ያወራል፤ ሀገሪቱ ነጻ ከወጣች ወዲህ ግን የምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ አያውቅም። ከንቲባ የሚመጣውም የሚሄደውም በገዥው ትእዛዝ ነው። አጠቃላይ ምርጫውም በ2024 ሲጠበቅ ወደ ታኅሣሥ 2026 ተገፋ።

«እንግዲያው ስብሰባው ምን ይፈይዳል?» የሚለኝ አለ። ቆይ፣ ወደ ጎንደር ልሂድና እመለሳለሁ።

«ከንቲባ» የሚለው ስም ራሱ የእኛ የጎንደር ነው። በነገሥታቱ ዘመን የከተማይቱ ሹም ማዕረግ ነበር። ከንቲባ ገብሩ ደስታን ያላወቀ የጎንደር ልጅ የለም። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ሲወጣ በመላ ሀገሪቱ ሙሉ ማዘጋጃ ቤት የተባሉት ሁለት ከተሞች ብቻ ናቸው፦ አዲስ አበባና ጎንደር። ሌሎቹ ከመቶ የሚበልጡ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ ተመዘገቡ። (በዚህ መኩራት ይፈቀድልኝ።) ግን ምክር ቤቱ ውስጥ ማን ነበር? ከመንግሥት ሹማምንት ጋር የሚቀመጡት ነዋሪዎች ቋሚ ንብረት ካላቸው መካከል የሚመረጡ ናቸው። ቤት የሌለው አይቆጠርም። አያቴ በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ በኪራይ የምትኖር ጠላ ሻጭ ነበረች። ለከተማው እሷ አልነበረችም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ከአንድ በላይ ያለው ቤት ተወረሰ፤ ኪራይ ቀነሰ፤ ከመቶ ብር በታች የሚከራየውን ቤት የሚያስተዳድረው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሆነ፤ ያው ቀበሌ የምንለው። አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገብ ተጻፈች። የከፈለችበት ደረሰኝ ተሰጣት። ብዙ ሳይቆይ ግን ያው ቀበሌ ጠመንጃ ታጠቀ። በቀይ ሽብር ጊዜ የሰፈሩን ልጆች በስም የሚያውቅ መዝገብ እስር ቤትም ሆነ። አጎቴ ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ስለዚህ ጋሼ፣ ቁጣህ ልክ ነው። ያው ደብተር ነው ለአያቴ ቤት የሰጣት፣ ልጇንም የወሰደባት።

እሷ ግን ደረሰኙን አልጣለችም። አልጋዋ ሥር ባለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዓመት በዓመቱ በክር እያሰረች ታስቀምጥ ነበር። ልጅ ሆኜ ለመጫወቻ ስነካው እጄን ትመታኝ ነበር። በኋላ መንገድ ሲሰፋ ቤቷ ፈረሰ። ምትክ ቤት ያገኘችው በዚያ ቆርቆሮ ነው። ጎረቤቷ፣ ከእሷ በፊት የገባችው፣ ወረቀቷን አይጥ በልቶባት ሁለት ዓመት ተንከራተተች።

የእኔ ዘመን ቀበሌ ደግሞ ሌላ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር በብዙ ቦታ ወደ 300 ከፍ ብሎ ነበር፤ በሀገሪቱ ሁሉ 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ፣ ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ የወሰደው አንዱ ግንባር ነው። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሀገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ አልተካሄደም። እዚህ ላይ ጁባን ለመውቀስ አፍ የለንም።

እና ያልተመረጠ ምክር ቤት ምን ይፈይዳል ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። ገበያው በየትኛው ጥግ እንደሚሆን፣ የቆሻሻ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ማን የመሰብሰብ ፈቃድ እንዳለው የሚነገረው እዚያ ነው። ትልቁን ፖለቲካ እኛ አንነካም፤ መንካትም የለብንም፤ እንግዶች ነን። በ2012 የወጣው የስደተኞች ሕግ ከለላ ሰጥቶናል፣ ሀገሪቱም በ2018 ዓለም አቀፉን የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች። ያ ግን ኮንዮ ኮንዮ ላይ «የዛሬውን ክፈል» ለሚል ሰው የምታሳየው ወረቀት አይደለም። በ2013 የውጭ ሰው ሞተር ታክሲ እንዳይነዳ ሲከለከል፣ በ2014 ደግሞ የውጭ ሠራተኛ ይውጣ የሚል ደብዳቤ ወጥቶ በኋላ ሲሻር፣ ብዙዎቻችን ወሬውን የሰማነው ከሻይ ቤት ነው፤ ግማሹ ውሸት ግማሹ እውነት። በዚያ ወሬ ሱቁን በግማሽ ዋጋ ሸጦ የሄደ አውቃለሁ።

ሌላም ልጨምር። ባለፈው ወር ለማኅበሩ የነዋሪነት ደብዳቤ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ረጅም፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። በተሰባበረ የጁባ ዓረብኛዬ ስንተባተብ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አማርኛ ይሻልሃል?» አለኝ። በአማርኛ! ልጅነቱ ጋምቤላ ኢታንግ ካምፕ ነው ያለፈው፤ በሰማንያዎቹ ከጦርነት ሸሽቶ። «የራሽን ካርድ ከጠፋብህ ያን ቀን አትበላም ነበር፤ እናቴ አንገቷ ላይ ነው የምታስረው» አለኝ። ከዚያ ደብዳቤዬን ሁለቴ አንብቦ፣ «ቁጥር የለውም» ብሎ መለሰልኝ። «ቁጥር አውጡለት፣ የእናንተንም ቅጂ አስቀሩ፤ እኔ ነገ ብነሣ የሚመጣው ሰው አያውቃችሁም።» በማግስቱ ቁጥር 1 ብዬ ይዤ ሄድኩ። ማኅበራችን ስንት ዓመቱ ነው? እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥር ያለው አንድ ደብዳቤ አልነበረንም።

ስለዚህ ሁለት ሰው እንላክ ባይ ነኝ፤ አንድ ከነጋዴዎቹ፣ አንዷ ከቡና ሻጭ እህቶቻችን። ሄደው ይስሙ፣ ይጻፉ፣ ለሁላችን ያንብቡ። ካልተጠየቁ አይናገሩ። የአባላቶቻችንን ስም ዝርዝር ግን ይዘው አይሂዱ፤ ይሄን የምለው ለጋሼም፣ ለአጎቴም ብዬ ነው። የከፈልነውን እናሳያለን፤ ማን የት እንደሚያድር የሚል ዝርዝር ለማንም አንሰጥም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው አዳራሽ እንገናኝ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ለዙህር እንዲደርሱ 6 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ደረሰኝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ፎቶ እናነሣዋለን። የሌላችሁ ደግሞ የምታስታውሱትን ቀን፣ የከፈላችሁትን ገንዘብና የተቀበላችሁን ሰው መልክም ቢሆን ጽፋችሁ አምጡ። የወንድማችን ባለቤትም ትመጣለች፤ የእሷን በመጀመሪያው ገጽ እንጽፋለን። ደብተሩን ገዝቻለሁ፣ ባለ መቶ ገጽ ነው።