ሩማቲክ የልብ ሕመም

ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣ የልብ በሮች (ቫልቮች) ጉዳት። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። የባክቴሪያው ፕሮቲን ከልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰውነት ጠላቱን ለማጥቃት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን ልብ ይመታል። ባክቴሪያ የሰውነትን መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ እንደሚያነሣሣ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች ይህን ያህል የተብራራ ጥቂት ነው።

ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ የልቡ ጠባሳ ግን ይቀራል። ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቤት ባክቴሪያው በቀላሉ ይዛመታል።

በኢትዮጵያ ለቶንሲል ሕመም እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። ቆረጣው ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል እንጂ። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ልብን ያድናል። አንዴ ለተያዘ ልጅ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ ለዓመታት ይወጋል። ይህ መርፌ መቋረጥ የለበትም።

ለምሳሌ በሆሳዕና ከተማ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የተበላሸን ቫልቭ ማስጠገን ግን ብዙውን ጊዜ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስን ይጠይቃል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተመሠረተው በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ባለሙያዎች በሽታውን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት ጥሪ ያወጡትም በዚያው በአዲስ አበባ ነበር።