የጦርነት ዘመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ስብርባሪ፦ መለያ ምልክቶችና አያያዝ

በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች፣ ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ወንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ፣ በእርሻ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በጎርፍ ምክንያት ከአፈር ሥር የሚወጣ ብረት ሁሉ ተራ ቁርጥራጭ ነው ማለት አይቻልም። አካባቢው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. የሁለት ወገን የጦር አውሮፕላኖች የተመላለሱበት ነው። የኢጣሊያ ቦምብ ጣዮች በመጀመሪያ ወራሪውን ጦር አጅበው፣ ቀጥሎም አርበኞችን ለመውጋት ተሰማርተዋል። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይሎች በሰሜን ኢትዮጵያ የነበሩትን የኢጣሊያ ምሽጎች ደብድበዋል፤ ውጊያው ያበቃው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ቁልቋል በር፣ ኅዳር 18 ቀን ደግሞ ጎንደር ሲለቀቁ ነው። ስለዚህ የተገኘው ስብርባሪ የየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ መገመት አይገባም።

ከመለየቱ ሥራ በፊት የሚቀድመው ደኅንነት ነው። ያልፈነዳ ቦምብ ከ80 ዓመት በላይ በመሬት ውስጥ ቢቆይም የመፈንዳት ኃይሉን አያጣም። ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ከተጠቀመችባቸው ቦምቦች አንዱ 280 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝንና ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ኢፔሪት፣ ማለትም የሰናፍጭ ጋዝ፣ የሚይዝ ነበር። ኢፔሪት ቅባት መሰል ፈሳሽ ሲሆን ቆዳን የሚያቆስለው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ወዲያው ሕመም አለመሰማቱ ጉዳት አለመድረሱን አያረጋግጥም። ሰዓት የሚመስሉ የበረራ መለኪያዎችም መከፈት የለባቸውም። በጨለማ እንዲታዩ የተቀቡት ቀለም ራዲየም ሊኖርበት ይችላል፤ ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አይጠፋም። ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ክፍል በብረት ቀጥቃጭ ምድጃ ውስጥ ቢገባ ደግሞ በኃይል ይነድዳል፤ ውሃ ሲደፋበትም ይብሳል።

ዓይነቱን ለመለየት በቅድሚያ የሚታየው አሠራሩ ነው። በዘመኑ በኢትዮጵያ ሰማይ በብዛት ይታይ የነበረው ካፕሮኒ 133 ሦስት ሞተር ያለው ሲሆን፣ አካሉ በብየዳ ከተያያዙ የአረብ ብረት ቱቦዎች ተሠርቶ በጨርቅና በቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር። ጨርቁ ስለሚበሰብስ ዛሬ የሚገኘው የዛገ የቱቦ አጽም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎችም የቤት ጣሪያ ወይም የአጥር ብረት ይመስላቸዋል። ሳቮያ ማርኬቲ 81 ክንፉ ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ ከክንፉ የሚተርፈው ማያያዣው ነው። የእንግሊዙ ዌልዝሊ ከሁለቱም በግልጽ ይለያል፦ አካሉም ክንፉም እንደ ቅርጫት እርስ በርሱ ከተሸመነ የአሉሚኒየም ቅይጥ ዘንግ የተዋቀረ ነው። ይህን የመሰለ ሽመና ከሩቁ ይታወቃል።

ሞተሩ ከተገኘ በዙሪያው የተደረደሩት ሲሊንደሮች ይቆጠራሉ። ሰባት ከሆኑ የካፕሮኒ 133 ሞተር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዘጠኝ ቢሆኑ ግን አይበቃም፤ የዌልዝሊም ሆነ የአንዳንዶቹ ሳቮያዎች ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደር ነበረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥይት ቀለህ ነው። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ከእንግሊዙ ጋር አንድ ዓይነት መጠን ያለው ጥይት ይተኩስ ስለነበር፣ ልኩን ለክቶ ወገኑን ማወቅ አይቻልም። የሚለየው በቀለሁ መቀመጫ ላይ የታተመው ፊደልና ዓመተ ምሕረት ነው።

ከሁሉም የላቀው ማስረጃ ትንሹ የብረት ሰሌዳ ነው። በኢጣሊያ አውሮፕላን ላይ «ኤም ኤም» ከሚሉ የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ያለው ቁጥር የአውሮፕላኑ የግል መለያ ነው፤ በእንግሊዝ ዕቃ ላይ ደግሞ የዘውድ ምልክት ወይም ቀስት ይታያል። ሰሌዳውን በአሸዋ ወይም በብረት ብሩሽ መፈተግ ጽሑፉን ከነቀለሙ ያጠፋዋል። ቁጥሩ ከጠፋ የአውሮፕላኑ ስም፣ የወደቀበት ቀንና የበረራ ቡድኑ ማንነትም አብረው ይጠፋሉ።

የስብርባሪው አቀማመጥም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። ከሰማይ የወደቀ አውሮፕላን ስብርባሪው በሰፊው ይበተናል፤ በምድር ላይ ቆሞ የተቃጠለው ግን ሞተሩ በቦታው ቀርቶ በዙሪያው የቀለጠ አሉሚኒየም ይገኛል። ሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ያረፉትን ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አርበኞች በሌሊት አጥቅተው ያቃጠሉት በዚህ ዓይነት ነበር። ዕቃው ተነሥቶ ለቁርጥራጭ ነጋዴ ከተሸጠ ይህን ልዩነት መልሶ ማግኘት አይቻልም። በመሆኑም ያገኘው ሰው ሳይነካ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ መጠኑን ለማሳየት ከሩቅ ከሚታወቅ ዕቃ ጋር ቢያነጻጽርና ቦታውን ቢመዘግብ ይመረጣል። የሰው አፅም ከታየ ቁፋሮው ወዲያው ይቆማል።

ቦምብ የሚመስል ነገር ሲታይ አካባቢው ከሰውና ከከብት ተጠብቆ በቅድሚያ ለፖሊስ ይነገራል። ሌላው ስብርባሪ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይገለጻል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አዋጁ ለአስረካቢው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለትም ይደነግጋል።