ከቤት ቤት የሚዞር ጽዋ

በሸዋም ሆነ በጎጃም ገጠር ቀጠሮ በቁጥር አይያዝም። «ለአቦ ብቅ በል» የተባለ ሰው ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ከተፍ ይላል፤ «ብድርህን ለኪዳነ ምሕረት እመልስልሃለሁ» ከተባለ አበዳሪው እስከ አሥራ ስድስት ይታገሣል። ልደታ በ1፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ ባለወልድ በ29 ይውላል። ማንበብ የማይችል ገበሬ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ምጥ የያዛት ሴት ቤት የተሰበሰቡ ጎረቤቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ፤ ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ የሚገነፋላት ገንፎ ሳይቀር የማርያም ነው።

እንዲህ ያለ አቆጣጠር ሰማይን ወደ ጓዳ ያቀርባል። ከደጅ አልፎ ወደ ውስጥ የዘለቀው ግን የጽዋ ማኅበር በሚባለው ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ዘንድ የእግዚአብሔር ቅርበት ለእያንዳንዱ ሰው የግል ስሜት አልተተወም፤ ተራ ወጥቶለት፣ ጠላ ተጠምቆለት፣ በየወሩ አንዱን ቤት እያንኳኳ ኖሯል።

የወር በዓላቱ ሥር የሚመዘዘው ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ነው። ዐፄ ዳዊት (1382–1413 እ.ኤ.አ.) ተአምረ ማርያም በግእዝ እንዲነበብ በር የከፈቱ ንጉሥ ናቸው። ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ነገሩን ሥርዓት አድርገው ደነገጉት። በዓመት 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበት ሆነው እንዲጠበቁ አዘዙ፤ በሰንበት ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተከፋፈለችው ቤተ ክርስቲያንም በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ታረቀች። የወር በዓላትም በዚሁ ዘመን ጸንተው ተተከሉ።

ንጉሡ ግን ለዘብ ያሉ ሰው አልነበሩም። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ሕዝቡ የሥላሴ ወገን መሆኑንና ሰይጣንን መካዱን በግንባሩና በእጁ ላይ ጽፎ እንዲታይ አስገድደዋል፤ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ከባድ ስደት ደርሶባቸዋል፤ ጣዖት አመለኩ የተባሉት የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ ከቅጣት አላመለጡም። በግንባር ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ከንጉሡ ጋር ጠፋ። የወሩ በዓል ግን አልጠፋም። ምክንያቱን ከአዋጁ ይልቅ ከዳቦው ዘንድ መፈለግ ሳይሻል አይቀርም።

በገድላትና በድርሳናት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፦ ቃል ኪዳን። ጻድቁ ወይም ሰማዕቱ ከማረፉ በፊት ጌታ ተገልጦ ስምህን የጠራ፣ መታሰቢያህን ያደረገ፣ በስምህ የተራበ ያበላ ምሕረት ያገኛል ብሎ ይምልለታል። ቀዝቃዛ ውኃ ማጠጣት እንኳ ዋጋ አያጣም የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል እዚህ ላይ ሥራ ላይ ይውላል። ለመማር፣ ለመመነን፣ ኢየሩሳሌም ለመሳለም አቅም ያልነበረው ሰው ቁራሽ መቁረስና ጠላ መቅዳት አያቅተውም። ዝክር የድሃ ሃይማኖተኛ በር ሆነ።

አንድ ሰው ብቻውን በየወሩ ቢዘክር ጎተራው ይራቆታል። ስለዚህ ይሰባሰባሉ። ብዙ ጊዜ አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ በሐዋርያት ቁጥር ነው የሚሉ አሉ፣ ግን ሒሳቡም ደርሶ ይገጥማል፤ እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንዴ ይደርሰዋል። ከዚያ ከበዙ ሁለት ሁለት ሆነው ያዘጋጃሉ። (ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች የሚካኤል ማኅበርተኛ በእሷ ዐረፍ ይላል።) ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ፣ አንዳንዴም ባልና ሚስት አንድ ላይ ይማኀበራሉ። ሴቶቹ በብዛት የሚሰባሰቡት በማርያም ነው።

ጽዋው ራሱ ምንም ዕፁብ ድንቅ ነገር የለበትም። ብዙውን ጊዜ የሸክላ ዕቃ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ጠላ ይሞላበታል፣ የቅዱሱ ሥዕል አጠገብ ይቀመጣል። ተረኛዋ ከሳምንት በፊት ጌሾዋን ወቅጣ፣ ብቅሏን አዘጋጅታ፣ ጋኑን አጥና ትጠነስሳለች። በዋዜማው ድፎ ይጋገራል። ቀኑ ሲደርስ ማኅበርተኛው ጋቢውንና ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፤ የነፍስ አባት ይጠራሉ። ጸሎት ይደርሳል፣ የዕለቱ ድርሳን ወይም ተአምር ይነበባል፣ ካህኑ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ ከጽዋውም ሁሉም በየተራው ይቀምሳል። ቆሎው፣ ንፍሮው፣ ወጡ እንደ ቤቱ አቅምና እንደ ጾሙ ነው። ደጅ ላይ የቆመ ነዳይ ድርሻ አለው፤ እሱ ሳይቀምስ ማኅበሩ ተጠጣ አይባልም።

ማኅበሩን የሚመራው ሰው በብዙ ቦታ «ሙሴ» ይባላል። የማን ተራ እንደሆነ የሚያስታውሰው፣ የቀረውን የሚጠይቀው፣ የታመመውን የሚያስጎበኘው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ በመዝሙርና በእልልታ እስከ ቤቱ የሚሸኝበትም አገር አለ። መመራረቁ ደግሞ አጭር ነው፦ «የወር ሰው ይበለን!» ወረርሽኝና ረኃብ ሳይጠሩ ይመጡ በነበረበት አገር የአንድ ወር ዕድሜ ትንሽ ልመና አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ግን የእርቁ ሕግ ነው። የተጣሉ ሁለት ማኅበርተኞች ከአንድ ጽዋ ሊጠጡ አይችሉም። ድንበር ተጋፍተው፣ ከብት ሰብል በልቶባቸው፣ በገበያ ቃል ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ ወሩ ሲመጣ ሙሴውና ካህኑ በመካከል ይገባሉ፣ በዳይ ይክሳል፣ ተበዳይ ይምራል፣ ከዚያ ጽዋው ይዞራል። ወደ ዳኛ ደጅ ሳይደርስ በዚህ መንገድ የበረደ ጠብ ስንት እንደሆነ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ ቂም የሚያረጅበት ጊዜ ግን ቢበዛ አንድ ወር እንዲሆን ያደረገ ሥርዓት በሌላ ስም ቢጠራ ፍርድ ቤት ይባል ነበር። ማኅበርተኛ ከዘመድ አይለይም። በሰርግ ድንኳን ይተክላል፣ በአጨዳ ደቦ ይወጣል፣ በለቅሶ ሬሳ ይሸከማል።

የጽዋ ማኅበር ታናሽ ወንድም ሰንበቴ ነው። ማኅበሩ በቤት፣ ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ተረኞቹ እንጀራውን፣ ዳቦውንና ጠላውን ይዘው በግቢው ወዳለችው የሰንበቴ ቤት ይገባሉ። ካህናቱ፣ ከሩቅ የመጣው መንገደኛ፣ ነዳዩና የቆሎ ተማሪው አብረው ይቀመጣሉ። ከቤተሰቡ ርቆ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው የአብነት ተማሪ በሳምንት አንዴ እንደ እንግዳ የሚስተናገደው እዚህ ነበር። የግእዝ ቅኔና የዜማ ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ደመወዝና ያለ በጀት መቆየቱ ሲነገር የሰንበቴው ሌማት መዘንጋት የለበትም።

አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ሰው ከየአገሩ ሲጎርፍ ማኅበሩም ተከትሎት መጣ፤ ዘመድ በሌለበት ሰፈር የመጀመሪያው ዘመድ ማኅበርተኛ ሆነ። በሃያኛው መቶ ዘመን እድር ሲስፋፋ ግን ቀብሩንና ድንኳኑን ቀስ በቀስ ወሰደው። እድር የሃይማኖት ድንበር አይጠይቅም፤ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም በአንድ መዝገብ ይሰፍራል። እቁብ ደግሞ ገንዘቡን ያዘ። ለጽዋው የቀረው መጀመሪያ የተነሣበት ጉዳይ ነው፦ መጸለይ፣ መብላት፣ መታረቅ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሃይማኖት «ኋላ ቀር» ተብሎ ሲነቀፍ የቤት ማኅበር ጥቅሙ በሌላ መልክ ታየ። ስብሰባ በሚጠረጠርበት ዘመን ዳቦና ጠላ ያቀረበ ቤት እንግዳ ተቀበለ እንጂ ጉባኤ ጠራ ለማለት ያስቸግራል። በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ወጣቶችም በቅዱሳን ስም እየተሰባሰቡ ቆዩ፤ በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ሲላኩ እዚያው በጸሎት ተገናኙ፤ በቀጣዩ ዓመት ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው ከዚህ ነው።

ጽዋም ሥዕልም የሌላቸው ወንጌላውያን በዚያው ዘመን የተጠጉት ወደዚያው ወደ ሳሎኑ መሆኑ ይገርማል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 እ.ኤ.አ. ስትዘጋ፣ ንብረቷ ሲወረስና መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቱ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ሰዓትና ቦታ እየቀያየሩ መጸለይ ጀመሩ። በ1991 እ.ኤ.አ. በሩ ሲከፈት ቁጥራቸው ከ34 ሺህ በላይ ደርሶ ተገኘ። ትምህርታቸው ከጽዋው ማኅበር የተቀዳ አይደለም፤ እንዲያውም የቅዱሳንን መታሰቢያ አይቀበሉም። ነገር ግን እምነት ከጎረቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንደሚጸና አገሩ ከድሮ ያውቀው ነበር።

ዛሬ ሙግቱ ያለው ወጪው ላይ ነው። ተረኛው ከባለፈው ተረኛ ላለማነስ በግ ሲያርድ፣ ቢራ በሣጥን ሲያስገባ ዝክሩ ድግስ ይሆናል፤ አቅም ያጣውም አፍሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ካህናት ይህን ሲነቅፉ ኖረዋል፤ እውነታቸውን ነው። አንዳንድ ማኅበራት ዳቦ፣ ቆሎና ጠላ ብቻ ይቅረብ ብለው በደንባቸው ጽፈዋል፤ የተረፈውን መዋጮ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናትና ለአብነት ትምህርት ቤቶች ይልካሉ።

ባሕር ማዶ ደግሞ ችግሩ ቀኑ ነው። ኅዳር ሚካኤል አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ይውላል፤ ዋሽንግተን ያለ ማኅበርተኛ ግን ማክሰኞ ከሆነበት ሥራ አለው። ስለዚህ ጽዋው ወደ ቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይገፋል። ጌሾ ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፤ ካልመጣ ጠላው በብርዝ ወይም በጭማቂ ይተካል። እናቶች በዕለቱ ለሚካኤል ጧፍ አብርተው፣ ቅዳሜ ደግሞ ለማኅበሩ ድፎ ይጋግራሉ፤ ልጆቻቸው ተራቸው የትኛው ወር እንደሆነ የሚያውቁት በስልክ ቡድን በሚላክ መልእክት ነው፤ ላኪው ዛሬም ሙሴው ነው።