የመተማ ገበያና የሹም እጅ፦ ከተክሩሪዎች ዘመን እስከ ሰሊጥ ግብይት

ኮኪት ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ የቆላ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ዳር ባሉ መስጂዶች ለሚያስተምሩ ኢማሞችና ኡስታዞች፣ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወራት የሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች ዓመት በዓመት ይመሳሰላሉ። በኬላ የሚከፈለው ቀረጥ ሸሪዓችን ያወገዘው «መክስ» ነውን? መንግሥት ሰሊጥ እዚህ እንጂ እዚያ አይሸጥም ሲል ገበሬው የመታዘዝ ግዴታ አለበትን? በሌሊት ድንበር የሚሻገር ጭነት ሐራም ነው ወይስ ገንዘብን ከግፍ ማዳን?

መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ያበቃል። አንደኛው ወገን በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋ እንዲተምኑ ተጠይቀው፣ ዋጋን የሚወስነው አላህ መሆኑን አስታውሰው እንቢ ማለታቸውን የሚነግረንን የአነስን (ረ.ዐ.) ሐዲስ ይዞ ሹም በገበያ ምንም ድርሻ የለውም ይላል። ሌላኛው ለባለሥልጣን መታዘዝን ጠቅሶ ነገሩን ይዘጋዋል። በእኛ አመለካከት ሁለቱም መልሶች አጭር ናቸው፤ ሹሙ ወደ ገበያ የገባው ምን ሊሠራ እንደሆነ አይጠይቁምና። ለዚህ ጥያቄ ከመተማ የተሻለ ምስክር የሚሆን ገበያ በአገራችን ጥቂት ነው። ሂጅሪ ካላልን በቀር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የአገራችን ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ይህ ቆላ ራስ አል-ፊል ይባል ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሰናር ሲጓዝ አገሩን የሚያስተዳድረው ያሲን የሚባል ሙስሊም ሹም ነበር። መተማን ገበያ ያደረጓት ግን በዋነኛነት ተክሩሪዎች ናቸው። ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ካለው የምዕራብ አፍሪካ ምድር ለሐጅ ወጥተው በመንገዳቸው በዚህ የሰፈሩ፣ ጥጥና እህል የሚያርሱ፣ በራሳቸው ሼኽ የሚተዳደሩ ሕዝቦች ነበሩ። ከጎንደር የአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች ቡና፣ ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ጭነው ይወርዱ ነበር፤ ከሱዳን በኩል ጀላባዎች ጨርቅና ሸቀጥ ይዘው ይመጡ ነበር፤ መገበያያውም የማርትሬዛ ብር ነበር። የአዲስ ዓለም ታሪክ ራሱ የመንግሥት ትእዛዝ ውጤት መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውስ። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። ርስት የተነፈገው ሙስሊም ንግድን መተዳደሪያው አደረገ፤ ያገለለው መንግሥትም በዚያው ነጋዴ ቀረጥ ላይ ተደገፈ።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ተክሩሪዎቹ ለሁለት መንግሥታት ማለትም ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ሲሰሙት የውርደት ይመስላል፤ ለገበያው ግን ጥላው ነበር። የሚከፈለው ታውቆ ይከፈላል፣ ከዚያ ወዲያ ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ ነጋዴ ደሙና ዕቃው ተጠብቆ ይገበያያል። ሁለቱም መንግሥታት ገበያው እንዳይጠፋ የሚሹበት ጥቅም ነበራቸው።

ነጋዴውን የሚጎዳው የታወቀው ግብር ሳይሆን በየመንገዱ የሚደጋገመው ነበር። በመሳፍንቱ ዘመን ከቀይ ባሕር ጠረፍ ጎንደር የሚደርስ ሲራራ ነጋዴ በየሹሙ ኬላ እየቆመ ይቀረጥ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ጊዜ ቀረጥ በሦስት ቦታዎች ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጽፏል። ይህን የሚያነብ የፊቅህ ተማሪ ዚያድ ኢብኑ ሑደይርን ማስታወሱ አይቀርም። ዚያድ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን ከነጋዴዎች ዑሽር እንዲሰበስብ የተሾመ ሰው ነው። የማንንም ዕቃ እንዳይበረብር መታዘዙን አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ ዘግበዋል። አንድ የተግሊብ ክርስቲያን በአንድ ፈረስ ሁለት ጊዜ ሊቀረጥ ሲል ወደ ኸሊፋው ሄዶ አቤት አለ፤ ዑመርም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ ለሹማቸው ጻፉ። ከሳሹ ሙስሊም አለመሆኑን፣ ተከሳሹም የኸሊፋው የራሳቸው ሹም መሆኑን ልብ እንበል።

ስለ መተማ ስንጽፍ የቀደሙትን የሙስሊም ነጋዴዎች ትጋት ብቻ እየዘረዘርን የምናልፍ ከሆነ እውነቱን ግማሽ እናስቀራለን። ይህ ገበያ የሰው ገበያም ነበር። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በዘመቻና በአፈና የተያዙ ልጆች በጎጃምና በጎንደር በኩል እየተነዱ በመተማ ይሸጡ ነበር፤ ከሻጮቹም ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በትንሣኤ ቀን ተከራካሪው አላህ ራሱ መሆኑን የሚናገረውን ሐዲሰ ቁድሲ የማያውቅ ፈቂህ በመንገዱ ላይ አልነበረም ማለት ይከብደናል። ሹማምንቱም ቢሆኑ በየኬላው ከባሪያ ቀረጥ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ «ሹም ከገበያ ይውጣ» የሚለው አባባል በመተማ ላይ ሲመዘን ይጎድላል። ሹሙ ሊከለክለው ይገባ የነበረውን ትቶ በመቀረጡ በደሉ ተካፋይ ሆነ። ክልከላው በወረቀት መጣ፤ በግንቦት 1876 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከእንግሊዝ ጋር በዐድዋ በተፈራረሙት ውል የባሪያ ንግድን ለማገድ ተስማሙ። ባርነትን በሕግ ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ወር በዐድዋ የተፈረመው ሌላው ውል የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ከሱዳን እንዲወጡ የሚያደርግ ነበር፤ በዚህም መተማ በሁለት ጦሮች መካከል ወደቀች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ በመገደዳቸው ወደዚህ ጠረፍ የተሰደዱ ነበሩ። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው የመህዲስቶቹን አዛዥ ሙሐመድ ወድ አርባብን ገደሉ። በዓመቱ ሐምዳን አቡ ዐንጃ ንጉሡን ሣር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ ራሳቸው በመተማ ጦርነት ቆሰሉ፤ በማግስቱም ሞቱ። በሱዳን ሕዝቡ «ሰነት ሲታ» የሚለው የ1306 ሂጅሪ ረሀብ፣ በእኛ በኩል ክፉ ቀን በዚህ ላይ ተጨመሩ። የሁለቱን ወገን ጀግንነት የሚተርክ ብዙ ነው፤ ለሁለት መንግሥታት ገብሮ ይኖር የነበረው ገበያ ግን ሁለቱም በጦር ሲፈልጉት ባዶ ቀረ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል መተማን ከገላባት ለይቶ ሁለት አገር አደረጋቸው። ስለ ንግድ ታሪክ ለሚጠይቅ ከወሰኑ ይልቅ የሚያስደንቀው የውሉ አራተኛ አንቀጽ ነው። እንግሊዝ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንድትይዝ ፈቀደላት። ከዚህ ጋምቤላ ተወለደች። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የመተማ መንገድ የዋናነት ቦታውን አጣ። ሰሙም ቡናውም በዚያው ምድር ይገኙ ነበር፤ የተለወጠው መንግሥታት መንገድ የሚያወጡበት አቅጣጫ ነው። ማወርዲ በአሕካሙ ሱልጣኒያ ውኃውና ቅጥሩ የፈረሰ ከተማ ጥገናው በይተልማልን እንደሚመለከት፣ በይተልማል ባዶ ቢሆን አቅም ያላቸው ነዋሪዎች እንደሚጠየቁ የጻፉት ገበያና መንገድ በነጋዴ ብቻ እንደማይቆሙ ስለሚያውቁ ነው።

ከጦርነቶቹ በኋላ ቆላውን ያነሣው ሰሊጥና ጥጥ ነው። ሆኖም በደርግ ዘመን መንግሥት ከጠባቂነት አልፎ ራሱ ነጋዴ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬው በኮታ፣ በተወሰነ ዋጋ እህሉን እንዲያስረክብ ያስገድድ ነበር፤ ዋጋውም ከገበያው ያነሰ ነበር። እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንዳይንቀሳቀስ ኬላዎች ቆሙ። ኮታው የተሻረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. በታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። ኢብኑ ኸልዱን (ሞት 808 ሂጅሪ) በሙቀዲማቸው ሱልጣን ራሱ ሲነግድ ሕዝቡንም ግምጃ ቤቱንም እንደሚጎዳ ያስረዳሉ፤ የሚፎካከረው የለምና በረከሰ ዋጋ ይገዛል፣ ነጋዴና ገበሬ ተስፋ ቆርጠው እጃቸውን ያነሣሉ፣ ግብሩም ከዚያው ይደርቃል። የደርግን ዘመን ያየ ገበሬ ይህን ለመረዳት ኪታብ አላስፈለገውም።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግን በዚያው ሚዛን የሚመዘን አይደለም። መንግሥት እዚህ ሰሊጥ አይገዛም፤ መጋዘንና ሚዛን አቆመ፣ ናሙና አስወስዶ ደረጃ አስወጣ፣ ገዢ ሳይከፍል እንዳይጠፋ ዋስ ሆነ። መተማም መጋዘን ካገኙት ቦታዎች አንዷ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከትተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውንና ሻጩን መገሠጻቸውን የምናስተምር ሰዎች፣ የናሙና ወሳጁን ሥራ እንግዳ ነገር ልናደርገው አይገባም። ዑመር (ረ.ዐ.) ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህን በመዲና ገበያ ጉዳይ ላይ ሾሟት የሚለው ዘገባም በዚሁ የሒስባ መስመር ውስጥ ነው።

ድክመቱ ሌላ ዘንድ ነው። ለአንድ ዕጣ የሚበቃ ኩንታል የሌለው ገበሬ መጋዘኑ ዘንድ አይደርስም፤ የአረምና የአጨዳ ወጪ አስጨንቆት ሰሊጡን ገና በማሳ ላይ እያለ ለአበዳሪው ሸጦታል፤ ወይም ደላላ መንገድ ላይ ያገኘዋል። የገበያውን ዋጋ ያላወቀ ባለጭነትን ከመንገድ መቀበል በሐዲስ የተከለከለው ለዚህ ነው። ክልከላው የተማመኑ ሁለት ሰዎች ያደረጉትን ግዢ ለባለጭነቱ ሲል የሚገታ ነው፤ በነብዩ ሱና ውስጥ ገበያ ያለ ጠባቂ የተተወበት ጊዜ የለም። ኢብኑ ተይሚያ (ሞት 728 ሂጅሪ) በሒስባ ድርሳናቸው ሁለት ዓይነት ተስዒር የሚለዩት ከዚህ ተነሥተው ነው። ያለ ማንም ጥፋት፣ በዕቃ ማነስ ወይም በሰው ብዛት የናረን ዋጋ በግድ ማውረድ ግፍ ነው። ሰዎች የሚቸገሩበትን ዕቃ ይዘው ለሚያስጨንቁ ግን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጡ ማስገደድ ግዴታ ይሆናል። የአነስን ሐዲስ ለመጋዘን ቆላፊ መከላከያ የሚያደርግ ኹጥባ የሐዲሱን ምክንያት ቆርጦ ይጥለዋል።

የዋጋ መዛባት ከሹሙ ራሱ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ዶላር በጠፋባቸው ዓመታት አስመጪ የሆኑ ላኪዎች ሰሊጥን ከዓለም ገበያ በላይ እየገዙ በኪሳራ ይልኩ ነበር፤ ኪሳራቸውን የሚመልሱት በሚያስገቡት ዕቃ ላይ ዋጋ በመጨመር ነው። ገበሬው ጥሩ ዋጋ ያገኘ መሰለው፤ ልዩነቱን የከፈለው ሳሙናና ዘይት የሚገዛው ሕዝብ ነበር፣ ገበሬውም ከዚያው ሕዝብ ውስጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ ስሌት ተለወጠ፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነት ግን የመተማን ንግድ አሁንም ይዞታል።

ወደ መነሻ ጥያቄዎቹ እንመለስ። ዑመር ኢብኑ ዐብዲልዐዚዝ በረፋሕ የነበረውን የመክስ ቤት አፍርሰው ፍርስራሹን ባሕር እንዲጥሉት አዘዋል። መክስን ሐራም ለማለት ይህን የሚጠቅሱ ወንድሞች፣ እኚሁ ኸሊፋ በግብፅ መተላለፊያ ለነበረው ቀራጫቸው ለዙረይቅ ኢብኑ ሐያን የጻፉትን ደብዳቤ አብረው ያንብቡ፤ በሙወጣእ ይገኛል። ከሙስሊም ነጋዴ ከአርባ ዲናር አንድ፣ ከዚሚ ከሃያ አንድ እንዲወስድ፣ ከተወሰነው ልክ በታች የሆነውን እንዲተው፣ ከዚሚ ለተቀበለው ደግሞ እስከ መጪው ዓመት የሚያገለግል ጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ቀረጥን ሁሉ የጠሉ ቢሆን ኖሮ ቀራጭ ባልኖራቸው፤ የጠሉት ልክ፣ ጊዜና ማስረጃ የሌለውን መውሰድ ነው።

ስለዚህ በኮኪት መንገድ የሚጠየቅ ኡስታዝ ለጠያቂው «የተጠየቅኸው በታወቀ ሕግ ነው? ደረሰኝ አለህ? ለዚሁ ጭነት ስንተኛህ ነው?» ብሎ ቢጀምር እንመርጣለን። በሕግ የታወቀውንና መንገዱና መጋዘኑ የቆሙበትን ቀረጥ ሸሽቶ በሌሊት የሚሻገር ሰው ከመክስ እየሸሸሁ ነው ሊል አይችልም፤ የራሱን ድርሻ በጎረቤቱ ላይ እየጫነ ነውና። ደረሰኙን በእጁ ይዞ በዚያው መንገድ፣ ለዚያው ጭነት፣ ያለ ወረቀት ዳግም የተጠየቀ ነጋዴ ግን የተግሊቡ ሰው ጉዳይ ያለው ነው፤ ኢማሙም አቤቱታውን ጽፎ ከሚመለከተው ሹም ዘንድ ሊያደርስለት ይችላል።