የኢትዮጵያ አየር መንገድ የስትራቴጂ አመራር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነው (በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የነዳጅ ዋጋ፣ የአውሮፕላን ቴክኖሎጂና የአገሮች ፖለቲካ በየጊዜው በሚገለባበጡበት በዚህ ዘርፍ ብዙ የአፍሪካ አየር መንገዶች አልዘለቁም። አየር አፍሪክ በ2002 ፈረሰ፤ የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድም በ2019 መጨረሻ ከዕዳው ለመትረፍ በሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተለየ ዕድል የገጠመው በአብዛኛው በሁለት ምክንያቶች ነው፦ ትልልቅ ውሳኔዎቹ ችግር ከመድረሱ ቀድመው የተወሰኑ ናቸው፤ መሪዎቹም ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ድርጅቱ ለኪሳራ ተዳርጎ ነበር። በ1980 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የተሾሙት ካፒቴን መሐመድ አህመድ ድርጅቱን በንግድ ሥርዓት የመምራት ነጻነት አገኙ። የነጻነቱ ፍሬ በአውሮፕላን ግዢው ታየ። መንግሥት ከሶቭየት ኅብረት ጋር በወገነበት ዘመን አየር መንገዱ የመረጠው ቦይንግ 767ን ነው። በጁን 1984 የመጀመሪያው 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት በርሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ይህም በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ክብረ ወሰን ነበር።

በ2004 ኃላፊነቱን የተረከቡት አቶ ግርማ ዋቄ በአየር መንገዱ ካደጉ በኋላ በገልፍ ኤር ለዓመታት የሠሩ ናቸው። 787 ድሪምላይነር ገና ሳይበር በ2005 እንዲታዘዝ የተወሰነው በእሳቸው ዘመን ነው። በ2010 የወጣው ‹ራዕይ 2025› የአሥራ አምስት ዓመት ዕቅድ ሲሆን ዓመታዊ ገቢን 10 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ያለመ ነበር። የዕቅዱ ትልቅ ቁም ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ አደረጃጀቱ ላይ ነው፦ ጭነት፣ ጥገና፣ የአቪዬሽን ሥልጠናና የምግብ ዝግጅት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው እንዲያተርፉ ተደረገ። በሎሜ ከአስካይ አየር መንገድ፣ በሊሎንግዌ ከማላዊ አየር መንገድ ጋር በመጣመርም ከአዲስ አበባ ውጭ መናኸሪያ ተገኘ።

የዚህ አካሄድ ትክክለኛነት የተፈተነው በ2020 ነው። በኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛ ሲጠፋ ብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቁመው የመንግሥት ድጎማ ጠበቁ። ከ2011 ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም ፊታቸውን ወደ ጭነት አዞሩ። በአዲስ አበባው የቦሌ አየር ማረፊያ የአየር መንገዱ የራሱ ቴክኒሻኖች ከ25 ያህል የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር ነቀሉ፤ መንገደኛ ይቀመጥበት በነበረው ወለል ላይ የጭንብልና የመድኃኒት ካርቶን ተደርድሮ በመረብ ታሰረ። አዲስ አበባም የሕክምና ዕርዳታ ወደ አፍሪካ አገሮች የሚከፋፈልባት ማዕከል ሆነች። ይህን በሳምንታት ውስጥ ማድረግ የተቻለው የጥገና ክፍሉ ቀድሞ ስለነበረ፣ ለአበባ ኤክስፖርት የተደራጀው የጭነት አገልግሎት ልምድ ስለነበረው፣ አዲሱ የጭነት ተርሚናልም በ2017 ስለተከፈተ ነው። ያ ሁሉ ባይኖር ኖሮ የመሪው ቆራጥነት ብቻውን አንድ ካርቶን እንኳ ባላነሳ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ድርጅቱ ከባድ ሐዘን ደርሶበታል። ማርች 10 ቀን 2019 የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞቱ። አየር መንገዱ የቀሩትን ማክስ አውሮፕላኖች ወዲያው አቆመ። ሌሎች ድርጅቶች ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሲያበሯቸው እሱ እስከ ፌብሩዋሪ 2022 ታገሠ። አውሮፕላኖቹን በማቆም የሚደርሰው የገቢ ጉዳት ቀላል አልነበረም፤ ትዕግሥቱ ከዘመኑ ውሳኔዎች ሁሉ እጅግ የሚከበር ነው።

በ2022 ኃላፊነቱን የያዙት አቶ መስፍን ጣሰው ከጥገና መሐንዲስነት ተነስተው አስካይንም የመሩ ናቸው። የቀጣዩ ዕቅድ የ‹ራዕይ 2035› ትልቁ ጥያቄ የቦሌ አየር ማረፊያ ነው። ተርሚናሉ በ2019 ቢስፋፋም የማስተናገድ አቅሙ ያኔ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ገደማ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ነዳጅና ጭነት የሞላ አውሮፕላን ለመነሳት ስለሚከብደው ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ እንደ ሎሜና ደብሊን ባሉ ከተሞች አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ ተመላሹ ግን በቀጥታ ይገባል። ለቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ወጪው በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር በመሆኑ ግን አየር መንገዱ በራሱ ገቢ ብቻ ሊሸከመው አይችልም፤ ከውጭ አበዳሪዎች ጋር መደራደር ግድ ሆኖበታል።